ዶንግሉን በተራ ቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ጥሩት

ባለፈው ዓመት በረዶ በበረታበት ሰሞን ለሥራ ሌላ ከተማ ሄጄ ነበር። ቤት የቀረችው ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ብቻ ናት። ሌሊት ላይ መብራት ለጥቂት ደቂቃ ሄዶ ተመለሰ። ማቀዝቀዣው ተነሳ፣ ዋይፋዩ ተነሳ፣ ምድር ቤት ያለው ትንሹ ሰርቨሬም ተነሳ። እናቴ ንጋት ላይ ለጸሎት ስትነሳ ግን ሁልጊዜ እንቅስቃሴ አይቶ በራሱ የሚበራው የደረጃው መብራት አልበራም። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ «ማንም እንዳያጠፋው» ብዬ እኔው በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ግድግዳውን ይዛ፣ በእግሯ እየዳበሰች ወረደች።

በሁለተኛው ቀን ስደውል «ልጄ፣ ይሄ መብራትህ እኔን አላውቅሽም ብሎኛል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የደረጃው መብራት ዝም ካለ፣ በዚያው ሬዲዮ የሚያወራው ከልብስ ማጠቢያው ስር ያለው የውሃ ፍሳሽ ሴንሰርም ዝም ብሏል ማለት ነው። ቧንቧ ቀዝቅዞ በሚፈነዳበት ሳምንት ቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ጠባቂ ቆይቷል፤ እኔም አላወቅኩም።

የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ሰርቨሩ ላይ ሁለት የዩኤስቢ ሬዲዮ ዶንግሎች ተሰክተዋል፦ አንዱ ለዚግቢ፣ ሌላው ለበሩ ቁልፍ የሚያገለግል ዚዌቭ። መብራት ተመልሶ ማሽኑ ሲነሳ ሁለቱ ቁጥር ተለዋወጡ። የዚግቢው ፕሮግራም የዚዌቩን ዶንግል ከፍቶ ያናግረው ጀመር፤ መልስ ሲያጣ ይሞታል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይሞታል። ሁለት ቀን እንዲህ ሲል ከረመ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ቸኩዬ የጻፍኳት አንዲት መስመር ናት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያችን መስመር ብዙዎቻችን ስለጻፍናት ነው። የዩኤስቢ ሬዲዮን ወደ ሊኑክስ ኮንቴይነር ማሳለፍን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ የሚያልቁት አምፖሉ የበራ ዕለት ነው። የእኔ አቋም ሥራው ያለቀው የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስትሰኩ ሁሉም ያለ እናንተ እጅ ከተነሳ ብቻ ነው የሚል ነው። እዚያ ለመድረስ መተው ያለብን ሁለት አቋራጮች አሉ።

ኮንቴይነሩ በእውነት የሚደርሰው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ለጀማሪዎች አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ዩኤስቢ ስታሳልፉ እንግዳው ማሽን መሣሪያውን ሙሉውን ይረከባል፤ የራሱ ከርነል አለው፣ ድራይቨሩንም ራሱ ይጭናል። ኮንቴይነር ግን የራሱ ከርነል የለውም። በዋናው ማሽን ከርነል ላይ የሚሮጥ፣ ዙሪያው የታጠረ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ መኖር ያለበት ዋናው ማሽን ላይ ነው፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ድራይቨር ለመጫን መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ዶንግሉን ስትሰኩ ከርነሉ ውስጡ ያለውን ቺፕ አይቶ ድራይቨር ይመድብለታል፤ ከዚያ ዴቭ በሚባለው ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ይፈጠራል። እንደ ሲፒ2102 ወይም ሲኤች340 ያለ የሲሪያል መለወጫ ቺፕ ከሆነ ፋይሉ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» ይባላል። ሌላ ዓይነት ከሆነ ደግሞ «ቲቲዋይ ኤሲኤም 0» ይሆናል። ፋይሉ ከጀርባው ሁለት ቁጥሮች አሉት። ዋናው ቁጥር ዓይነቱን ይናገራል፤ ለቲቲዋይ ዩኤስቢ 188፣ ለቲቲዋይ ኤሲኤም 166 ነው። ንዑሱ ቁጥር ከዚያ ዓይነት ስንተኛው እንደሆነ ይናገራል።

እንግዲህ «ዩኤስቢ ወደ ኮንቴይነር ማሳለፍ» የምንለው ይህን አንድ ፋይል ውስጥ እንዲታይ ማድረግና እንዲነበብና እንዲጻፍበት መፍቀድ ነው። የዚግቢ ፕሮግራሙ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም። ፋይሉን ይከፍታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 115,200 ቢት ፍጥነት ይጽፋል፣ ያነባል። በቃ። ይህን ካወቅን «እንዲሠራ ብዬ ሁሉንም ከፈትኩለት» የሚለው ምክንያት ይወድቃል።

አንደኛው አቋራጭ፦ ተራ ቁጥር

«ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» ላይ ያለው ዜሮ ስም አይደለም። የወረፋ ቁጥር ነው። ባንክ ስትገቡ ከማሽኑ የምትቆርጧት ወረቀት ማለት ናት፤ ዛሬ 12 ብትሆኑ ነገ 40 ልትሆኑ ትችላላችሁ። ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የታየው ዶንግል ዜሮን ይወስዳል። ሁለት ዶንግል ካላችሁ ማን እንደሚቀድም ዋስትና የለም። አንድ ብቻ ቢኖራችሁም ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደያዘ ዶንግሉ ለአፍታ ተቋርጦ ቢመለስ 1 ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ዜሮ ገና በአሮጌው ተይዟልና።

አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ከቢሮ በወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል። እርሱ ሰፈር መብራት ደጋግሞ ይሄዳል፤ ይህ ችግር በሁለተኛው ሳምንት ፊቱ ላይ መጣና ያኔውኑ አስተካከለው። እኔ ያለሁበት መብራት በዓመት አንዴ ስለሚሄድ ስህተቴ ሁለት ዓመት ተደብቆ ኖረ፤ የወጣውም እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሊኑክስ ላይ ዩዴቭ የሚባለው አገልግሎት መሣሪያ በተሰካ ቁጥር «ዴቭ» ውስጥ ካለው «ሲሪያል» ፎልደር ስር «ባይ አይዲ» በሚባል ቦታ የዶንግሉን ሙሉ ስም የያዘ ማመላከቻ ይፈጥራል። ስሙ ውስጥ የአምራቹ ስም፣ የምርቱ ስምና የራሱ የዶንግሉ መለያ ቁጥር አለበት። ዶንግሉ ዛሬ 0፣ ነገ 3 ቢሆን፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ ቢሰካም ይህ ስም አይለወጥም። ኮንፊገሬሽን ውስጥ መጻፍ ያለበት ይህ ነው። እኔ ያልጻፍኩት እሱን ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ርካሽ የሆኑ ቺፖች፣ በተለይ ሲኤች340 ያለባቸው፣ ብዙ ጊዜ የራሳቸው መለያ ቁጥር የላቸውም። አንዳንድ በሲፒ2102 የተሠሩት ደግሞ ሁሉም «0001» ብለው ይመጣሉ። ሁለት ተመሳሳይ ከገዛችሁ ስማቸው አንድ ይሆንና ይጋጫል። ሰፈር ውስጥ ሁለት አበበ ሲኖር «የላይኛው አበበ፣ የታችኛው አበበ» እንደምንለው፣ ለእነዚህ ደግሞ «ባይ ፓዝ» የሚባለውን ተጠቀሙ። እርሱ ዶንግሉን በተሰካበት ቀዳዳ ይለየዋል። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ መቀያየር የለም፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ምልክት ለጥፉ።

ሁለተኛው አቋራጭ፦ ፕሪቪሌጅድ

ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ስህተት ሳያሳይ ለዓመታት ይሠራል።

ፕሮክስሞክስ ላይ ኤልኤክስሲ ኮንቴይነር ስትፈጥሩ በነባሪው ፕሪቪሌጅድ አይደለም። ውስጥ ያለው ሩት ውጭ ሲወጣ ተራ ሰው ነው፤ ቁጥሩ 0 ሳይሆን 100000 ነው። ዶንግሉን በድሮው መንገድ፣ ኮንፊገሬሽን ፋይሉ ላይ በእጅ እየጻፋችሁ ስታስገቡት፣ ፋይሉ ውስጥ ይታያል ግን ባለቤቱ «ኖባዲ» ይላል። የዚግቢ ፕሮግራሙም «ፈቃድ የለኝም» ብሎ ይቆማል። ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ የፋይሉን ፈቃድ 666 ያደርገዋል፤ ይሠራል፣ ዶንግሉ ተነቅሎ ሲሰካ ግን ፋይሉ እንደ አዲስ ስለሚፈጠር ፈቃዱ ይጠፋል። ሌላው ግማሽ ተስፋ ቆርጦ ኮንቴይነሩን ፕሪቪሌጅድ ያደርገዋል። ዶከር ላይም ያችው ቃል አለች፤ ኮምፖዝ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ናት።

ያቺ መስመር ዶከር ላይ ምን ታደርጋለች? የዋናውን ማሽን መሣሪያዎች በሙሉ፣ ሃርድ ዲስኮቹን ጨምሮ፣ ለኮንቴይነሩ ታሳያለች፤ የሩትን ሥልጣኖችም ሁሉ ትሰጠዋለች። ውስጥ የገባ ሰው የዋናውን ማሽን ዲስክ ከፍቶ የፈለገውን ማንበብና መጻፍ ይችላል። ሁላችንም የምንጠቀመው ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ ደግሞ የራሱ የድር ገጽ አለው፤ የይለፍ ቃል ራሳችሁ ካላስቀመጣችሁለት ያለ ይለፍ ቃል ይከፈታል። እነዚህን ሁለቱን ደምሯቸው። አምፖል ለማብራት ብለን የቤተሰብ ፎቶ፣ የፓስፖርት ቅጂና የኢሚግሬሽን ሰነድ ያለበትን ሰርቨር በር ክፍት እናደርጋለን።

«የቤት ሰርቨር ነው፣ ማን ይመጣበታል?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ለዚህ መልሴ አንድ ነው። እቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ማን አለ? የእንግዳ ስልክ፣ ከማይታወቅ አምራች የተገዛ ካሜራ፣ ሶፍትዌሩ ለዓመታት ያልታደሰ ቴሌቪዥን። ሌባ የግድ ከውጭ መምጣት የለበትም። ደግሞም ጥያቄው ይህን ያህል ሥልጣን ለምን ያስፈልጋል ነው። የሚያስፈልገው አንድ ፋይል ማንበብና መጻፍ ብቻ መሆኑን ከላይ አይተናል።

ታዲያ እንዴት እናድርገው?

ፕሮክስሞክስ ላይ፦ በ8ኛው ስሪት ዘመን የመጣ የመሣሪያ ማሳለፊያ አለ። የኮንቴይነሩ ሪሶርስ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ መሣሪያ ጨምሩ የሚለውን ትመርጣላችሁ። የፋይል መንገዱ ላይ የ«ባይ አይዲ»ውን ሙሉ ስም፣ የቡድን ቁጥር ላይ 20፣ ፈቃድ ላይ 0660 ትሞላላችሁ። 20 ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ዳያልአውት» የሚባለው ቡድን ቁጥር ነው፤ የሲሪያል ፖርት ተጠቃሚዎች ቡድን ማለት ነው። የ«ኖባዲ» ጣጣ ያልቃል፤ ኮንቴይነሩም ፕሪቪሌጅድ ሳይሆን ይቀራል። የድሮ ቪዲዮዎች የሚያሳዩትን በእጅ የሚጻፉ መስመሮች ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ አያስፈልጓችሁም።

ዶከር ላይ፦ ኮምፖዝ ፋይሉ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፍል ተጠቀሙ። ከነጥቦቹ በስተግራ የ«ባይ አይዲ»ውን ስም፣ በስተቀኝ ኮንቴይነሩ ውስጥ እንዲታይ የምትፈልጉትን አጭር ስም ጻፉ። የፕሮግራሙ ኮንፊገሬሽን ያንን አጭር ስም ይጠቀማል። ዶንግሉ በሌለበት ኮንቴይነሩ አልነሳም ይላል፤ ይህ ጥሩ ነው። የተሳሳተ መሣሪያ ይዞ ከመነሳት አለመነሳት ይሻላል፤ የእኔ ችግር የተሳሳተውን ይዞ መነሳቱ ነበር።

ማወቅ ያለባችሁ አንድ ገደብ አለ። ዶከር ስሙን ተከትሎ ትክክለኛውን ፋይል የሚፈልገው ኮንቴይነሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ኮንቴይነሩ እየሠራ ሳለ ዶንግሉ ተነቅሎ በሌላ ቁጥር ከተመለሰ ውስጥ ያለው ፋይል የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። መፍትሔው ኮንቴይነሩን ሪስታርት ማድረግ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ለመሸሽ «188 የሆነ ሁሉ ይፈቀድ» የሚል ደንብ ከመላው የዴቭ ፎልደር ጋር ያስገባል። ይሠራል፤ ግን ነገ የምትሰኩትን ሌላ የሲሪያል መሣሪያ ሁሉ አብራችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው። እኔ ሪስታርቱን እመርጣለሁ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት፦ አንድን ሲሪያል ፖርት ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ መጠቀም አይችሉም። የሆም አሲስታንት የራሱ የዚግቢ አካልና ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ አንድ ዶንግል ላይ አይስማሙም። አንዱን ምረጡ።

«ለምን ቨርቹዋል ማሽን አትጠቀሙም?»

ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ ለጀማሪ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ሆም አሲስታንትን ከነኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ጭናችሁ ዶንግሉን ሙሉውን ብታሳልፉለት ከላይ ካወራሁት ግማሹ አይገጥማችሁም። ዋጋው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በ4 ጊጋባይት ለሚሠራ ልጅ ግን ያ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ኮንቴይነር ለእርሱ ቅንጦት ሳይሆን ያለው ብቸኛ መንገድ ነው። ያኔ በትክክል ያድርገው ነው የምለው።

ሬዲዮውን ከሰርቨሩ መለየት

ከዚያ ሌሊት በኋላ እኔ ራሴ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ የዚግቢውን ሬዲዮ ከሰርቨሩ ነቀልኩት። በኢተርኔት ገመድ የሚገናኝ የዚግቢ ሬዲዮ አለ። ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ በፋይል ፋንታ በአይፒ አድራሻና በፖርት ቁጥር ያገኘዋል። የማሳለፍ ጉዳይ በሙሉ ይቀራል፤ ኮንቴይነሩን ወደ ሌላ ማሽን ማዛወርም ይቻላል። ሬዲዮው ምድር ቤት ከብረት ሳጥን ጀርባ መቀመጡ ቀርቶ ቤቱ መሀል ይሆናል። ይህ የኋለኛው ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል። ዚግቢ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው የሚያወራው፤ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እዚያው አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ እንደሚያወጣ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ዶንግል የምትጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ በማራዘሚያ ገመድ ከማሽኑ አርቁት።

ጉድለቱን ግን አልደብቅም። እንዲህ ያለው ሬዲዮ ብዙ ጊዜ ፖርቱን ያለ ይለፍ ቃል ነው የሚከፍተው፤ ስለዚህ ከእንግዳ ስልኮችና ከካሜራዎች ተለይቶ በራሱ ኔትወርክ ላይ መቀመጥ አለበት። በዋይፋይ ማገናኘትንም አልመክርም፤ ሲሪያል ግንኙነት መቆራረጥን አይወድም።

ሰርቨሩ ሲሞትስ?

የመጨረሻው ነጥቤ ከኮንቴይነርም ከዩኤስቢም በላይ ነው። ያን ሌሊት እናቴን ጨለማ ውስጥ ያስቀራት የቁጥር መለዋወጡ ብቻ አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያውን የሸፈነው ፕላስተርም ነው። ዚግቢ ላይ ማብሪያን ከአምፖል ጋር በቀጥታ ማሰር ይቻላል፤ የሚደግፉት ዕቃዎች ሰርቨሩ ቢሞትም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ደረጃው ላይ አሁን ያለው እንዲህ ያለ ማብሪያ ነው። በተጨማሪም ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ በሕይወት መኖር አለመኖሩን በየጊዜው በኤምኪውቲቲ ያሳውቃል፤ «ጠፍቷል» ሲል ሆም አሲስታንት ስልኬ ላይ መልእክት እንዲልክ አድርጌያለሁ። ያዘጋጀሁት በአሥር ደቂቃ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባደርገው ኖሮ ሁለት ቀን በከንቱ ባልጠበቅኩ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ኮንፊገሬሽናችሁን ክፈቱና «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» የሚል ካለ በስሙ ቀይሩት። ፕሪቪሌጅድ የሚል ካለ አጥፉትና የሚያስፈልገውን አንድ ፋይል ብቻ ስጡት። የማሽኑ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ አድርጉ። ከዚያ ማሽኑን በሥርዓቱ ዝጉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ዶንግሎቹንም ነቅላችሁ በተለያየ ቅደም ተከተል መልሳችሁ ስኩ፣ ኤሌክትሪኩንም መልሱና እጃችሁን አጣጥፋችሁ ጠብቁ። «ባይ ፓዝ» የተጠቀማችሁ ግን እያንዳንዱን ወደ ራሱ ቀዳዳ መልሱት።

እኔ ይህን ያደረግኩት እናቴ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሷ በፊት ባለው እሁድ ነው። ሻይዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማ «አሁን ደግሞ ምን ልታጠፋ ነው?» አለችኝ። አጠፋሁት። ከሦስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ሁሉም ተመለሰ፤ በመሀሉ የደረጃውን መብራት ያበራችው እሷ ናት፣ በግድግዳው ማብሪያ።